የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሰርቨሩ ጥሪውን የማይቀበለው ለምንድን ነው?

በዚህ እትም መልስ የምንሰጥባቸው አራት ደብዳቤዎች ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ናቸው። ጸሐፊዎቹ በየፊናቸው የጻፉ ቢሆኑም ጉዳያቸው አንድ ነው፤ በተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) አማካይነት ከሩቅ የሚታዘዝ ሰርቨር ከውጭ የሚመጣለትን ግንኙነት እንዴት እንደሚቀበል፣ አንዳንድ ጊዜም ለምን እንደማይቀበል ይጠይቃሉ። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ባለ የጅምላ ንግድ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። የሒሳብና የዕቃ መዝገባችን የሚገኘው ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት በተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው። ቢሮ ውስጥ ሆነን በኤስኤስኤች (ኮምፒውተርን ከሩቅ በተመሰጠረ ግንኙነት ማዘዣ በሆነው መንገድ) ስንገባ ያለ ችግር ይከፈታል። ሐረር ያለው ቅርንጫፋችን ሲሞክር ግን ብዙ ከጠበቀ በኋላ «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» የሚል መልእክት ብቻ ያገኛል። አንድ ባለሙያ ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ብሎ ነቅሎ እንደገና ጫነልን፤ ለውጥ አልመጣም። አሁን የዕቃ ዝርዝር በፍላሽ ይዞ ደንገጎን የሚወጣና የሚወርድ ሠራተኛ መድበናል። ምን ብናደርግ ይሻላል?
ከድሬዳዋ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ፕሮግራሙን ነቅሎ መጫን አያስፈልግም ነበር። ቢሮ ውስጥ ሆናችሁ መግባት መቻላችሁ ፕሮግራሙ ጤነኛ ለመሆኑ በቂ ማስረጃ ነው፤ ከሐረር የሚነሣው ጥሪ ፕሮግራሙ ዘንድ ሳይደርስ የቀረ ነው። ይህን በምን እንዳወቅን ለማስረዳት አንድ ሰርቨር ጥሪ የሚቀበልበትን ሥርዓት ከመነሻው ማየት ይኖርብናል፤ የቀሩት ሦስት ደብዳቤዎች መልስም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ኤስኤስኤችዲ የተባለው የሰርቨሩ ፕሮግራም ሥራ ሲጀምር በመጀመሪያ ሶኬት (የግንኙነት መቀበያ ጫፍ) ይከፍታል፤ ቀጥሎ ያን ሶኬት ከአንድ አድራሻና ከአንድ ፖርት (አገልግሎቱ ከሚታወቅበት የበር ቁጥር) ጋር፣ በተለምዶ ከፖርት 22 ጋር፣ ያስራል፤ ከዚያም በዚያ ቦታ ማዳመጥ መጀመሩን ለከርነሉ (ለሥርዓተ ክወናው እምብርት) ያስታውቃል፤ በመጨረሻም ጥሪ በመጣ ቁጥር «አክሰፕት» በተባለው ትዕዛዝ ይቀበላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ «አክሰፕት» ሲፈጸም የሚገኘው ሶኬት አዲስ ሶኬት መሆኑ ነው፤ የሚያዳምጠው የመጀመሪያው ሶኬት እንዳለ ይቆያል። የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍልን ማሰብ ይቻላል፤ በመስኮቱ ያለው ሠራተኛ ታካሚውን ተቀብሎ ወደ ምርመራ ክፍል ይልከዋል እንጂ ራሱ አያክመውም፤ እሱ ከመስኮቱ ሳይነሣ ቀጣዩን ይጠራል። ኤስኤስኤችዲም እንደዚሁ ለእያንዳንዱ ጥሪ ልጅ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ የራሱ ቅጂ) እየወለደ አዲሱን ሶኬት ያስረክበዋል፤ ወላጁ ወደ ማዳመጡ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 በወጣው በኦፕንኤስኤስኤች 9.8 ደግሞ ሁለቱ ሥራዎች ጭራሹን ወደተለያዩ ፕሮግራሞች ተከፍለዋል፤ አንደኛው ያዳምጣል፣ ሌላው ከገባው ሰው ጋር ይነጋገራል።

ጥሪ ሲደርስ ግን መጀመሪያ መልስ የሚሰጠው ኤስኤስኤችዲ ሳይሆን የሰርቨሩ ከርነል ነው። ጠሪው «ሲን» የሚባል ፓኬት (ትንሽ የመረጃ ጥቅል) ይልካል፣ ከርነሉ «ሲን-አክ» ብሎ ይመልሳል፣ ጠሪው «አክ» ብሎ ያረጋግጣል፤ በእነዚህ ሦስት ፓኬቶች የቲሲፒ (የኢንተርኔት መነጋገሪያ ደንብ) ግንኙነት ይመሠረትና ወረፋ ውስጥ ይገባል። ፕሮግራሙ ከወረፋው የሚያነሣው ከዚህ በኋላ ነው።

በዚህ ምክንያት ጠሪው የሚያየው የስሕተት መልእክት ጥሪው የት ላይ እንደቆመ ይናገራል። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ወዲያውኑ ከመጣ ፓኬቱ አንድ መሣሪያ ዘንድ ደርሶ፣ በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ እንደሌለ ተነግሮታል ማለት ነው፤ ፕሮግራሙ አልተነሣም፣ ወይም የሚያዳምጠው በሌላ አድራሻ ወይም በሌላ ፖርት ነው። «ኖ ራውት ቱ ሆስት» ብዙውን ጊዜ መሣሪያው ጠፍቷል ማለት ነው፤ ፋየርዎልዲ የተባለውን ፋየርዎል (ያልተፈቀደ ጥሪን የሚከለክል ዘበኛ) በሚጠቀሙ እንደ ፌዶራና አልማሊኑክስ ባሉ ሥርዓቶች ላይ ግን ፋየርዎሉ ጥሪውን ከልክሎ የሰጠው መልስም ሊሆን ይችላል። «ታይምድ አውት» ከእነዚህ ይለያል፤ ለ«ሲን» ፓኬቱ ማንም መልስ አልሰጠም፣ ሊኑክስም በልማዱ ደጋግሞ ከላከ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ተስፋ ቆርጧል። ግንኙነቱ ተመሥርቶ ወዲያው ከተቋረጠ ደግሞ ጥሪው እስከ ፕሮግራሙ ድረስ ዘልቋል፤ የመለሰውም አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ ራሱ ነው።

የእናንተ ቅርንጫፍ ያጋጠመው ዝምታ ነው። ዝምታን የሚፈጥሩ ሦስት ቦታዎች አሉ፦ የኮምፒውተሩ የራሱ ፋየርዎል፣ የቢሮው ራውተር፣ ከራውተሩ ባሻገር ያለው የኢንተርኔት አቅራቢው መረብ። የትኛው እንደሆነ በግምት መወሰን የለበትም፤ መለየት የሚቻልበት አስተማማኝ ዘዴ አለ። በሰርቨሩ ላይ ቲሲፒደምፕ የተባለውን ፕሮግራም ከፍታችሁ በፖርት 22 የሚገቡና የሚወጡ ፓኬቶችን ብቻ እንዲያሳይ እዘዙት፤ በዚያው ሰዓት የሐረሩ ሰው ይሞክር። ቲሲፒደምፕ ፓኬቱን የሚያየው የኮምፒውተሩ ፋየርዎል ከመመርመሩ በፊት ስለሆነ፣ «ሲን» እየታየ መልስ የማይወጣ ከሆነ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ፋየርዎል ነው፤ የኡቡንቱ ፋየርዎል ዩኤፍደብልዩ ሲበራ ያልተፈቀደን ጥሪ ያለ መልስ ይጥላል፣ የተፈቀደውም ለቢሮው የውስጥ አድራሻዎች ብቻ ከሆነ ቢሮ ያላችሁት ስትገቡ ሐረር ያለው ይቀራል። ምንም ፓኬት ካልታየ ግን ኮምፒውተሩን መነካካት ትታችሁ ወደ ራውተሩ ሂዱ።

ራውተሩ ጋ የምትመለከቱት ከውጭ በኩል የተሰጠውን አይፒ አድራሻ ነው። አድራሻው በ10፣ ወይም በ192.168፣ ወይም ከ172.16 እስከ 172.31 ባለው የሚጀምር ከሆነ የግል አድራሻ ነው። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 አቅራቢዎች አንድን ይፋዊ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች እንዲያካፍሉ ተብሎ ከተለየው ክልል ነው። በሁለቱም ሁኔታ እውነተኛው መውጫ ያለው በአቅራቢው እጅ ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ የምትልኩት ሁሉ ይሄዳል፣ መልሱም ይመጣል፤ ከውጭ የሚነሣ አዲስ ጥሪ ግን ከብዙዎቹ ደንበኞች ወደ የትኛው እንደሚሄድ የሚያመለክት መዝገብ ስለሌለ እዚያው ይጣላል። በሞባይል ዳታ በሚሠሩ ራውተሮች ላይ ይህ በጣም የተለመደ ነው። በራውተራችሁ ላይ ፖርት ብታስተላልፉ (በዚያ ፖርት የመጣን ጥሪ ወደ ሰርቨሩ እንዲመራ ብታዙት) አይጠቅምም፤ ጥሪው ራውተሩ ጋ አይደርስምና። ጊዜያችሁን በዚህ አታባክኑ።

አድራሻው ይፋዊ ሆኖ ከተገኘ ፖርቱን በራውተሩ በኩል ወደ ሰርቨሩ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ሰርቨሩ የውስጥ አድራሻው መብራት በሄደ ቁጥር እንዳይለዋወጥ በራውተሩ ላይ ቋሚ አድራሻ ሊያዝለት ይገባል። አድራሻው የጋራ ከሆነ አንዱ አማራጭ አቅራቢውን ቋሚ ይፋዊ አድራሻ መጠየቅ ነው፤ ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ ሊኖር ይችላል። እኔ ግን ይፋዊ አድራሻ ቢኖራችሁም እንኳ ሌላውን መንገድ እመርጥላችኋለሁ፤ የጥሪውን አቅጣጫ መገልበጥ።

ይህም የሚሆነው እንዲህ ነው። ይፋዊ አድራሻ ያለው አንድ አነስተኛ የኪራይ ሰርቨር ይያዛል። የድሬዳዋው ኮምፒውተር ራሱ ወደ ኪራዩ ሰርቨር በኤስኤስኤች ይደውልና በኪራዩ ሰርቨር ላይ አንድ ፖርት፣ ለምሳሌ 2201፣ እንዲከፈትለት፣ በዚያ የመጣውም ሁሉ ወደ ራሱ ፖርት 22 እንዲላክለት ይጠይቃል። የግልባጭ ዋሻ ይሉታል። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚነሣ ጥሪ ስለሆነ ራውተሩም አቅራቢውም አይከለክሉትም። የሐረሩ ሰው ኪራዩን ሰርቨር እንደ መሸጋገሪያ ይጠቀምና ከዚያ ወደ ድሬዳዋው ኮምፒውተር ይገባል። በኪራዩ ሰርቨር ላይ የሚከፈተው ፖርት 2201 በልማዱ የሚያዳምጠው በ127.0.0.1 ብቻ ነው፤ ማለትም ከዚያው ሰርቨር ውስጥ ካልሆነ በቀር ማንም አይደርስበትም። አንዳንዶች ይህን እንደ እንቅፋት ቆጥረው «ጌትዌይፖርትስ» የሚለውን ምርጫ ከፍተው ፖርቱን ለዓለም ሁሉ ያጋልጡታል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የሒሳብ መዝገባችሁ ያለበት ኮምፒውተር ለመላው ዓለም የሚታይበት ምክንያት የለም፤ መሸጋገሪያው ለሐረሩ ሠራተኛ አንድ ትዕዛዝ ብቻ ነው የሚጨምርበት።

የዋሻው ደካማ ጎን መብራት ሲቋረጥ ይታያል። የድሬዳዋው ኮምፒውተር በድንገት ሲጠፋ ለኪራዩ ሰርቨር ደኅና ሁን ብሎ አይሰናበትም፤ ስለዚህ ኪራዩ ሰርቨር አሮጌው ግንኙነት አሁንም ያለ ይመስለዋል፣ ፖርት 2201ንም ይዞ ይቆያል። መብራት መጥቶ ኮምፒውተሩ አዲስ ዋሻ ሊከፍት ሲጠይቅ ፖርቱ ተይዟል ይባላል። በሊኑክስ ልማድ ቲሲፒ ዝም ያለ ግንኙነት መሞቱን መጠርጠር የሚጀምረው ከ7200 ሴኮንድ፣ ማለትም ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ቅርንጫፉ ያን ያህል ሊጠብቅ ነው። መፍትሔው በኪራዩ ሰርቨር ማዋቀሪያ ውስጥ «ክላይንትአላይቭኢንተርቫል»ን 30 ሴኮንድ፣ «ክላይንትአላይቭካውንትማክስ»ን 3 ማድረግ ነው፤ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ መልስ ያልሰጠ ግንኙነት በ90 ሴኮንድ ገደማ ይዘጋል፣ ፖርቱም ይለቀቃል። በድሬዳዋው በኩል ደግሞ ዋሻውን የሚከፍተው ትዕዛዝ በሲስተምዲ (የሊኑክስን አገልግሎቶች በሚያስነሣውና በሚቆጣጠረው ፕሮግራም) ሥር ሆኖ በወደቀ ቁጥር እንዲነሣ፣ ፖርቱን ማግኘት ካልቻለም ዝም ብሎ ተገናኝቶ እንዳይቀመጥ፣ ወጥቶ እንደገና እንዲሞክር መታዘዝ አለበት። ለዋሻው የሚያገለግለው ቁልፍም (በይለፍ ቃል ፈንታ ማንነት የሚረጋገጥበት ፋይል) ዋሻ ከመክፈት በቀር ሌላ ትዕዛዝ መፈጸም እንዳይችል በኪራዩ ሰርቨር ላይ ሊገደብ ይገባል።

ከመብራት ጋር በተያያዘ አንድ ነገር ልጨምር። በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ «ሊስንአድሬስ» በሚለው መስመር የተወሰነ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.20፣ የጻፉ ሰዎች አልፎ አልፎ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣ ኤስኤስኤች የማይነሣበት ሁኔታ ይገጥማቸዋል። ራውተሩ ከኮምፒውተሩ ዘግይቶ ሲነሣ፣ ኤስኤስኤችዲ ሶኬቱን ከአድራሻው ጋር ለማሰር በሚሞክርበት ቅጽበት ያ አድራሻ ገና ለኮምፒውተሩ አልተሰጠም፤ ማሰሩ ይከሽፋል፣ ፕሮግራሙም ይወጣል። በሁሉም አድራሻ፣ ማለትም በ0.0.0.0፣ እንዲያዳምጥ አድርጎ ገደቡን በፋየርዎል ማበጀት በእኛ አገር የመብራት ሁኔታ የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ ሐረር በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ኃላፊ ነኝ። 40 ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ሊኑክስ ሰርቨር እንዲገቡ ሳዝ ጥቂቶቹ ይገባሉ፣ ሌሎቹ የይለፍ ቃል እንኳ ሳይጠየቁ ግንኙነቱ ይቋረጥባቸዋል። እንደገና ሲሞክሩ አንዳንዶቹ ይገባሉ። የኬብል ችግር ይሆን? ሰርቨሩስ አቅም አንሶት ይሆን?
ከሐረር

መልስ፦ እህታችን፣ ኬብሉም ሰርቨሩም ደኅና ናቸው። ግንኙነቱ ተመሥርቶ ወዲያው መቋረጡ ጥሪውን ፕሮግራሙ ራሱ ሆን ብሎ እንደመለሰው ያሳያል። ምክንያቱ «ማክስስታርትአፕስ» የተባለው ገደብ ነው፤ ማንም ካልነካው 10:30:100 ተብሎ የተጻፈ ነው።

ሦስቱ ቁጥሮች የሚናገሩት ተገናኝተው ገና ማንነታቸውን ስላላረጋገጡ ጥሪዎች ብቻ ነው፤ ገብተው የሚሠሩት አይቆጠሩም። እንዲህ ያሉት ጥሪዎች 10 ሲደርሱ ኤስኤስኤችዲ አዲስ መጪዎችን በዕጣ መመለስ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ላይ የመመለስ ዕድሉ ከመቶ 30 ነው። ቁጥሩ እያደገ ሲሄድ ዕድሉም አብሮ ያድግና 100 ሲደርስ ሁሉም ይመለሳል። በመካከል ያለው ዕድገት ወጥ ስለሆነ 40 ያልተረጋገጡ ጥሪዎች ባሉበት ሰዓት ለሚመጣው ጠሪ የመመለስ ዕድሉ ከመቶ 53 ገደማ ይሆናል። ተማሪዎቹ አንዱ ገብቶ አንዱ የሚቀረው፣ እንደገና ሲሞከርም የሚሳካው በዚህ ዕጣ ምክንያት ነው። ገደቡ የተቀመጠው ሰርቨሩን በብዙ ባዶ ጥሪ ሊያጣብብ የሚመጣን ሰው ለመከላከል ነውና ጨርሶ መነሣት የለበትም፤ ለክፍልዎ ስፋት ግን የመጀመሪያውን ቁጥር ወደ 60 ማሳደግ ተገቢ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። አንድ ጠሪ ማንነቱን እስኪያረጋግጥ የሚሰጠው ጊዜ በልማዱ 120 ሴኮንድ ነው፤ ተማሪው የይለፍ ቃሉን እያሰበ በቆየ ቁጥር ከአሥሩ ቦታዎች አንዱን ይዞ ይቆያል። ተማሪዎች በቁልፍ ጥንድ ቢገቡ ማረጋገጡ ከአንድ ሴኮንድ ብዙም ስለማያልፍ መጣበቡ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ቁልፍ ማመንጨትንም በዚያው ይማራሉ።

ሰርቨሩ ላይ ያለው ኦፕንኤስኤስኤች 9.8 ወይም ከዚያ የበለጠ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዴቢያን 13 ከሆነ፣ ሌላም የሚጠበቅ ነገር አለ። እነዚህ እትሞች የተሳሳተ የይለፍ ቃል የሚደጋግምን አድራሻ ለጊዜው ይቀጣሉ፤ ቅጣቱ በልማዱ እስከ 600 ሴኮንድ ሊጠራቀም ይችላል። ሰርቨሩ ከቤተ ሙከራው ውጭ ሆኖ ተማሪዎቹ ሁሉ በአንድ ራውተር አድራሻ የሚወጡ ከሆነ፣ በሰርቨሩ ዓይን አርባዎቹ አንድ ሰው ናቸው፤ የጥቂት ተማሪዎች ስሕተት መላውን ክፍል ያስቀጣል። ከቅጣቱ ነጻ የሚደረጉ አድራሻዎችን መዘርዘሪያ መስመር በማዋቀሪያው ውስጥ ስለተዘጋጀ፣ የቤተ ሙከራውን አድራሻ እዚያ ያስገቡት።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ በፓይተን ትንሽ የተርሚናል ሰርቨር እየጻፍኩ ነው። አንድ ሰው ሲገባ በደንብ ይሠራል። ሁለተኛው ሲገባ ግን «ተገናኝቷል» ይባላል እንጂ ምንም አይመጣለትም፤ የስሕተት መልእክትም የለም። ሌላው ችግሬ ፕሮግራሙን ዘግቼ ወዲያው ስከፍተው «አድሬስ ኦልሬዲ ኢን ዩዝ» ይለኛል።
ከድሬዳዋ

መልስ፦ የሁለተኛው ሰው ጥሪ በከርነሉ ወረፋ ውስጥ ተቀምጧል። ከላይ እንደተባለው የቲሲፒን ግንኙነት የሚመሠርተው ከርነሉ ስለሆነ፣ ፕሮግራምዎ «አክሰፕት» ባይልም ጠሪው መገናኘቱን ያምናል። ፕሮግራምዎ የመጀመሪያውን ሰው ተቀብሎ እስኪጨርስ ድረስ ከእሱ ጋር እየተነጋገረ ወደ «አክሰፕት» አልተመለሰም፤ ለዚህ ነው ስሕተት የሌለው። «አክሰፕት»ን በማያቋርጥ ዑደት ውስጥ ብቻውን ይተዉትና የተገኘውን አዲስ ሶኬት ለአንድ ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን ለሚሄድ የሥራ ክር) ወይም ለልጅ ፕሮሰስ ያስረክቡ፤ ወይም አሲንክአይኦ የተባለውን የፓይተን ቤተ መጻሕፍት ይጠቀሙ። ለመመረቂያ ሥራ ትሬድ ይበቃል፤ ፈታኞች ሲጠይቁም ለማስረዳት ይቀላል። ልጅ ፕሮሰስ ከመረጡ ወላጁ አዲሱን ሶኬት በራሱ በኩል መዝጋቱን አይርሱ፤ ካልዘጋ ልጁ ቢወጣም ግንኙነቱ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ክፍት ፋይሎችም እየተጠራቀሙ ይሄዳሉ። ለአንድ ፕሮሰስ የሚፈቀደው የክፍት ፋይሎች ቁጥር በብዙ ሊኑክስ ላይ በልማዱ 1024 ነው፤ ሲሞላ «አክሰፕት» ይከሽፋል፣ ጥሪው ግን ከወረፋው ስላልወጣ ዑደቱ ያለ ዕረፍት እየተሽከረከረ ፕሮሰሰሩን ይበላል።

የወረፋው ርዝመት «ሊስን» በሚለው ትዕዛዝ የሚሰጥ ቁጥር ነው፤ ከርነሉ ግን የራሱ ጣሪያ አለው። ጣሪያው በሊኑክስ ለረጅም ጊዜ 128 የነበረ ሲሆን ከከርነል 5.4 ጀምሮ 4096 ሆኗል።

ሁለተኛው ችግርዎ ቀላል ነው። ግንኙነቱን መጀመሪያ የዘጋው ወገን፣ እዚህ ላይ ሰርቨርዎ፣ የዘገዩ ፓኬቶች ከአዲስ ግንኙነት ጋር እንዳይቀላቀሉ በሊኑክስ ላይ ለ60 ሴኮንድ «ታይም ዌት» በሚባል ሁኔታ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ፖርቱን እንደገና ማሰር ይከለከላል። ሶኬቱን ከማሰርዎ በፊት «ሪዩዝ አድሬስ» የሚባለውን የሶኬት አማራጭ ያብሩ።

አንድ ነገር ግን በብርቱ አሳስብዎታለሁ። ማንነትን ሳያረጋግጥና ሳይመሰጥር ሼል (የትዕዛዝ መቀበያ) የሚሰጥ ፕሮግራም በ0.0.0.0 ላይ ካዳመጠ፣ በዩኒቨርሲቲው መረብ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው በእርስዎ ስም ኮምፒውተሩን ሊያዝ ይችላል። ሥራው እስኪያልቅ በ127.0.0.1 ብቻ ያዳምጥ። ከሌላ ኮምፒውተር መሞከር ሲያስፈልግዎ በኤስኤስኤች ዋሻ በኩል ይድረሱበት።

ጥያቄ፦ ሐረር ሆኜ የማስተዳድረው ሰርቨር አለ፤ ኡቡንቱ 24.04 ነው። ሎጉ (የክንውን መዝገቡ) ከውጭ አገር አድራሻዎች በሚመጡ የመግባት ሙከራዎች ስለተሞላ ፖርቱን ከ22 ወደ 2222 ቀየርኩ። አገልግሎቱን ዘግቼ ከፈትኩት፤ አሁንም የሚያዳምጠው በ22 ነው። ማዋቀሪያው ፋይል ላይ 2222 ተጽፎ ይታየኛል። ደግሞስ ፖርት መቀየሩ በእርግጥ ይጠቅማል?
ከሐረር

መልስ፦ ከኡቡንቱ 22.10 ወዲህ በልማዱ የሚያዳምጠው ኤስኤስኤችዲ መሆኑ ቀርቷል። ሲስተምዲ በእሱ ፈንታ ፖርቱን ይዞ ይጠብቃል፤ የመጀመሪያው ጥሪ ሲመጣ ኤስኤስኤችዲን ያስነሣና የሚያዳምጠውን ሶኬት ያስረክበዋል። ስለዚህ የኤስኤስኤችን አገልግሎት ብቻ ዘግቶ መክፈት ፖርቱን አይለውጥም፤ ፖርቱ ያለው በሶኬት ዩኒቱ (ሲስተምዲ ፖርቱን በሚይዝበት ክፍል) እጅ ነውና። በ24.04 ላይ ማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ የጻፉት ቁጥር ወደ ሶኬት ዩኒቱ እንዲተላለፍ መጀመሪያ ሲስተምዲ ፋይሎቹን እንደገና እንዲያነብ «ዴመን-ሪሎድ» ብለው ይዘዙ፤ ቀጥሎ «ኤስኤስኤች.ሶኬት» የተባለውን ዩኒት እንደገና ያስጀምሩ። ከዚያ «ኤስኤስ» በተባለው ትዕዛዝ የሚያዳምጡትን የቲሲፒ ሶኬቶች ቢያዩ 2222 ይታያል፤ ከአጠገቡ የሲስተምዲ ስም ቢጻፍ እንዳይደናገጡ፣ ትክክል ነው።

ፖርት መቀየር ይጠቅማል ወይ ለሚለው፣ የሎጉን ጫጫታ ይቀንሳል፤ ጥበቃ ግን አይሆንም። የፊንላንዱ ተመራማሪ ታቱ ዩሎነን እ.ኤ.አ. በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ የይለፍ ቃላት በመሰረቃቸው ኤስኤስኤችን ሲጽፍ፣ ሊተካቸው በፈለጋቸው በኤፍቲፒ ፖርት 21ና በቴልኔት ፖርት 23 መካከል ያለው 22 ነጻ ስለነበር ጠይቆ አገኘው። መላው ዓለም ቁጥሩን ስለሚያውቀው ሰርቨር የሚያስሱ ፕሮግራሞች መጀመሪያ የሚያንኳኩት 22ን ነው፤ ሌሎቹንም ፖርቶች ማሰስ ግን ይችላሉ፣ ኤስኤስኤችዲም ገና ጥሪ እንደተቀበለ የራሱን ስምና የእትም ቁጥር በግልጽ ስለሚናገር በ2222 ላይ ተደብቆ አይቀርም። በእርግጥ የሚጠቅመው የይለፍ ቃል መግቢያን ዘግቶ በቁልፍ ብቻ ማስገባት ነው። ያን ካደረጉ ሌሊቱን ሙሉ የይለፍ ቃል የሚገምት ፕሮግራም የሚያገኘው ነገር የለም። ከዚያ በተረፈ ሥርዓቱን ማደስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ይፋ የሆነው የኤስኤስኤችዲ ጉድለት ማንነቱን ያላረጋገጠ ጠሪ የሚሰጠው የመግቢያ ጊዜ ሲያልቅ ከሚፈጠር መደናበር የመነጨ ነበር፤ ቁልፍም ፖርትም አያግዱትም፣ አስተማማኝ መከላከያው እድሳት ነው።

ሎጉን ሲያነቡ ሰዓቱን ያስተውሉ። ብዙ ሰርቨሮች የሚጽፉት በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ፣ ወደ አገራችን አቆጣጠር ለመመለስ ሦስት ሰዓት ይቀንሱ (ውጤቱ ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 ይቀንሱ)፤ ሎጉ 06:00 ካለ በሐረር ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 23:00 ካለ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተሳካ መግባት ተጽፎ ካዩና ያን ሌሊት ማንም ሠራተኛ እንዳልሠራ ካወቁ፣ ከሺህ የከሸፉ ሙከራዎች ይልቅ የሚያሳስበው ያ አንድ መስመር ነው፤ የገባውን ስምና ቁልፍ ወዲያውኑ ይዝጉ።

ሰርቨሩ ከእርስዎ ርቆ የሚገኝ ከሆነ ፖርቱን ሲቀይሩ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፦ በመጀመሪያ 2222ን በፋየርዎሉ ይፍቀዱ፤ ቀጥሎ ማዋቀሪያው ስሕተት እንደሌለበት ኤስኤስኤችዲ ራሱ እንዲፈትሸው ያድርጉ፤ ከዚያ ሶኬቱን ያስጀምሩ። የገቡበትን ተርሚናል ሳይዘጉ ከሌላ ተርሚናል በአዲሱ ፖርት ይግቡ፤ መግባትዎን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ የመጀመሪያውን ይዝጉ፣ 22ንም ከፋየርዎሉ ያንሡ።